ጋቢውን ገልጣችሁ ደረቱን እዩ

ለገናና ለጥምቀት ሕፃን ይዛችሁ ባሕር ዳር የምትገቡ ወገኖቼ፣ ልጃችሁ ከአያት ወደ አክስት፣ ከአክስት ወደ ጎረቤት እየተቀባበለ መሳሙ፣ የቡናው ከሰልና ዕጣን በሚጨስበት ክፍልም መዋሉ ስለማይቀር፣ በሦስተኛው ቀን አፍንጫው ቢዘጋና ቢያስል አትደንግጡ። አብዛኛውን ጊዜ ጉንፋን ነው፤ ጉንፋን ደግሞ ከቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ በአንቲባዮቲክ አይድንም።

የሚያስፈራው ሳንባ ምች ነው። በእኛ ቤት የሕመም ስም ቶሎ ይወጣል፤ አንዱ «ብርድ መታው» ሲል ሌላው «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ይጨምቃል፤ ሳንባ ምች ግን ከዚህ ምች ጋር በስም እንጂ በሌላ አይገናኝም። ልጄ የስምንት ወር ሳለች ሽምብጥ ሰፈር እናቴ ቤት በጋቢ ተጠቅልላ ተኝታ፣ ፊቷን ብቻ እያየን «ደህና ናት» ስንል አመሸን። ዳይፐር ልቀይር ስገልጣት አየር በሳበች ቁጥር ከጎድኗ በታች ያለው ደረቷ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ብቆጥር ትንፋሿ በደቂቃ 58 ሆነ፤ የደረት መሰርጎድና ፈጣን ትንፋሽ የሳንባ ምች ምልክቶች ናቸውና በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት ገባን።

የምትቆጥሩት ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ረግቶ ወይም ተኝቶ ሳለ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ነው፤ የሕፃን ትንፋሽ ወጥ ስላልሆነ የ15 ሴኮንዱን በአራት ማባዛት ያሳስታል። ሁለት ወር ላልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከዚያ እስከ አምስት ዓመት ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ሐኪም ይየው።

ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ልጅ በጉንፋን ጀምሮ ሲተነፍስ ቢያፏጭ ብሮንኪዮላይተስ (የሳንባ ትናንሽ የአየር ቧንቧዎች መቆጣት) ሊሆን ይችላል፤ ይህም ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ስለሚብስ «ትናንት ደህና ነበር» ማለት አያጽናናም። ሌሊት እንደ ውሻ ጩኸት የሚያስለው ክሩፕ ይባላል፤ ሳያለቅስ አየር ሲስብ ጉሮሮው ከጮኸ ግን ሌሊቱ እስኪነጋ አይጠበቅም። ጡት እምቢ ካለ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከፈዘዘ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ በቀጥታ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ውሰዱት።

«እንጥሉ ወርዷል» ብለው ሊያስቆርጡ ለሚነሡ ሽማግሌዎች በትሕትና፣ ግን ፈጽሞ እንቢ በሉ፤ ዓመት ላልሞላው ልጅ ለሳል ብለው የጣና ዳር ማር እንዳያልሱትም ጠብቁ።

ባሕር ዳር ወባ ያለበት ከተማ ስለሆነ ትኩሳት ያለው ልጅ ቢያስልም እንኳ ደሙ ይመርመር። ወደምትኖሩበት አገር ተመልሳችሁ ከሳምንታት በኋላ ቢያተኩሰውም፣ እዚያ ያለው ሐኪም ወባን ላያስብ ስለሚችል፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ ከጣና ዳር እንደመጣችሁ ንገሩት።