«የማን ነህ?» እያሉ አስጨነቁኝ

እትዬ፣ እንደምን አሉ?

የምኖረው ደሴ ነው። ትዕግሥቴ አልቋል። ኮሌጅ አብረውኝ ከተማሩ ልጆች ጋር ማኅበር አለን። ሥራ አጥቼ ሳለሁ የቤት ኪራይ የከፈሉልኝ እነሱ ናቸው፤ አልክድም። አሁን ግን ቡና ላይ በተቀመጥን ቁጥር ወሬው ዘር ብቻ ሆኗል። እናቴ የሐይቅ አማራ ናት፣ ክርስቲያን። አባቴ የከሚሴ ኦሮሞ ነው፣ ሙስሊም። ይህን እያወቁ «አንተ ግን የማን ነህ?» ይሉኛል። ስቄ ሳልፍ «አቋም የለውም»፣ ቴሌግራም ላይ የለጠፉትን ሳላጋራ ደግሞ «ፈራ» ይሉኛል። የአባቴን ወገን ሲያነሱ ዝም ስል የተስማማሁ ይመስላቸዋል። ባለፈው ከሚሴ ያለችው አክስቴ አርፋ፣ እዚያ ታየ እንዳይሉኝ ብዬ ብሩን በቴሌብር ላክሁ። ልጅ ሆኜ ክረምቱን የማሳልፈው እሷ ቤት ነበር። አሁን ደግሞ የማኅበሩ ፀሐፊ ሁን ብለውኛል። እሺ ልበል? ብቻዬን መቅረት እፈራለሁ።

መልስ፦

ልጄ፣ ስለ ጓደኞችህ ይህን ሁሉ ጽፈህ የአክስትህን ሞት እንዲሁ አለፍከው። እኔን ያስቆጣኝ እሱ ነው።

አባትህ እህቱን ሲቀብር ልጁ አጠገቡ አልነበረም። «ልጅህስ?» ሲሉት ምን ብሎ መለሰ? ወሎ ተወልደህ አድገህ ለቅሶ በቴሌብር ይደረሳል? ቅሬያችን፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል አብሮ ይቀብራል። ሠርግ ሲሆን ሥጋው ለየብቻ ታርዶ፣ ለየብቻ ተሠርቶ፣ ሰዉ አንድ ዳስ ውስጥ ይበላል። ለዚህ ሲባል ሃይማኖቱን የተወ የለም።

ምረጡ መባልንም እናውቀዋለን። በ1870 ዓ.ም. ስለ ሃይማኖት ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎን ሙስሊም ተጠመቅ አሉት። የወሎው ገዥ መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሆኑ። እንቢ ብሎ የተሰደደም ብዙ ነው። ያኔ ያዘዘው ንጉሠ ነገሥት ነው፣ ከነሠራዊቱ። አንተን ማን አዘዘህ? ቡና የምትጠጣቸው ልጆች!

የኪራዩ ውለታ ይገባኛል። በተራህ ሲቸገሩ ድረስላቸው። አባትህን በማሳማት ግን ውለታ አይከፈልም።

ፀሐፊነቱን እንቢ በል። ሰበብ አትፈልግ። «አባቴ የሚታማበት ቦታ አልጽፍም» ብለህ ፊት ለፊት ንገራቸው። የሚያኮርፍህ ይኖራል፤ ይከፋሃልም። አብሽር። ከመካከላቸው እንዳንተ ፈርቶ ዝም ያለ አይጠፋም፤ አንተ ስትናገር እሱም ይተነፍሳል።

ቅዳሜ ደግሞ ከአባትህ ጋር ከሚሴ ሂድ። ዘገየሁ ብለህ እንዳትቀር። ለምን እንደቀረህም መንገድ ላይ ራስህ ንገረው፤ ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማው።