ለመጀመሪያ ጊዜ ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ለምትሄዱት

እህቴ፣ ከባለቤትሽ ጋር ከማያሚ ተነስታችሁ ባሃማስና ኮዙሜል (የሜክሲኮ ደሴት) ልትሄዱ እንደሆነ ነግረሽን ምን እንያዝ ብለሻል። እኛም አምና እንዲሁ ግራ ገብቶን ነበር።

መርከቡ በሚነሳበት ቀን ጠዋት አትብረሩ። ዋዜማውን ማያሚ ገብታችሁ እደሩ። በረራ ቢዘገይ መርከቡ አይጠብቃችሁም።

ወደቡ ላይ ያስረከባችሁት ሻንጣ ክፍላችሁ እስኪደርስ ሊመሽ ይችላል። እኛ ይህን ሳናውቅ የዋና ልብሳችንን ሻንጣ ውስጥ ከተትን። ባለቤቴ በዚያ ሙቀት ጂንሱን እንደለበሰ ገንዳው ዳር ተጎልቶ ዋለ! መድኃኒት፣ ፓስፖርትና ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳ ይሁን።

የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ ከመርከቡ መሃል፣ ዝቅ ካለው ፎቅ ክፍል ያዙ። እዚያ መወዛወዙ ይቀንሳል። ስልካችሁን ከወደቡ ሳትርቁ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ የባህር ላይ ኔትወርክ ኪስ ያራቁታል። ጾም ላይ ከዋላችሁ «ቪጋን» ብላችሁ ቀድማችሁ አስመዝግቡ።

ኮዙሜል ስትወርዱ ደግሞ የመርከቡን ሰዓት ያዙ። በአሜሪካ ሰመር ከማያሚ ጋር የአንድ ሰዓት ልዩነት አለው። እኛ ስንመለስ ሁለት ሰዎች ወደቡ ላይ ሲሮጡ ከላይ ሆነን አይተናል፤ ለጥቂት ነው የደረሱት።