ለላሊበላ ጉዞ የትኛውን ዋይድ ሌንስ ልያዝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለገና ከእናቴ ጋር ላሊበላ ልንሄድ ነው፣ ከዚያ ጎንደርም እንደርሳለን። ካሜራዬ ሶኒ ኤ6400 ነው፤ ያለኝ ሌንስ አብሮት የመጣው 16-50 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሰው ሁሉ "ዋይድ (ሰፊ ቦታ የሚያሳይ ሌንስ) ሳትይዢ እንዳትሄጂ" ይለኛል። አራት ዓይነት አየሁና ግራ ገባኝ። የእናቴም ሻንጣ በእኔው ትከሻ ስለሆነ ብዙ ዕቃ መሸከም አልፈልግም። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት ስልክሽን ክፈቺና የዘንድሮ ፎቶዎችሽን እያቸው። የስልኩ ካሜራ ላይ 0.5 በሚለው ያነሳሻቸው ስንት ናቸው? እሱ ከነዚህ ሌንሶች 10 ሚሊ ሜትር ጋር የተቀራረበ ስፋት ነው የሚያሳየው፤ ሚሊ ሜትሩ ባነሰ ቁጥር ሌንሱ የሚያየው ቦታ ይሰፋል። ነክተሽው የማታውቂ ከሆነ ሌንሱም ቦርሳ ውስጥ እንደተኛ ይመለሳል። እኔ አንዴ ከባድ ዋይድ ገዝቼ፣ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ሆቴል ነበር ትቼው የምወጣው።

ለላሊበላ ግን ሰዎቹ እውነታቸውን ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ፣ ከዳገቱ ስታነሺው 16ቱ ይበቃሻል። ጉዱ ታች ስትወርጂ ነው። ሕንፃው 12 ሜትር ገደማ ቁመት አለው፣ አንቺ ደግሞ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ እንዳልሽ ጀርባሽ ከአለቱ ጋር ይላተማል። 16 ሚሊ ሜትር 83 ዲግሪ ያህል ያያል፣ 10 ደግሞ 109። የገና ዕለትም ያው ነው። ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ (የገና ዝማሬው) ሲባል ካህናቱ ገሚሶቹ ከላይ በአለቱ ጫፍ፣ ገሚሶቹ ከታች ሆነው ነው የሚያሸበሽቡት፤ ሰዉ ደግሞ ጥቅጥቅ ብሎ መፈናፈኛ ስለማይኖርሽ ሁለቱን በአንድ ፎቶ ማስገባት የምትችይው በዋይድ ብቻ ነው።

ወደ ሌንሶቹ እንምጣ። ታምሮን 11-20 ኤፍ 2.8 (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ብዙ ብርሃን ያስገባል) ጎበዝ ሌንስ ነው፣ ግን 335 ግራም ይመዝናል፤ ያንቺ 16-50 116 ግራም ነው። ደግሞ ከ11 ነው የሚጀምረው፣ እዚህ ስፋት ላይ አንዲት ሚሊ ሜትር ቀላል አይደለችም። ሶኒ 10-20 ኤፍ 4 በ178 ግራም ከሁሉም ይቀላል፣ ዙሙም በሞተር ነው፤ ቪዲዮ የምትሠሪ ብትሆኚ ወሬውን እዚህ ጋ እንጨርስ ነበር። የቆየው ሶኒ 10-18 ኤፍ 4 ደግሞ ማረጋጊያ አለው። የካሜራሽ አካል የራሱ ማረጋጊያ ስለሌለው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ማረጋጊያ የእጅሽን መንቀጥቀጥ ነው እንጂ የሰውን እንቅስቃሴ አያቆምም፤ የሚያሸበሽብ ካህን ይደበዝዝብሻል።

እኔን ከጠየቅሽኝ ሲግማ 10-18 ኤፍ 2.8ን ያዢ። 260 ግራም ገደማ ነው፣ ከካሜራሽና ከ16-50ው ጋር ተደምሮ 800 ግራም አይሞላም። ከኤፍ 4 እጥፍ ብርሃን ያስገባል፤ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፤ ሲበዛ ፎቶው ይሻክራል) 6400 የሚጠይቅሽን ቦታ በ3200 ትወጪዋለሽ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ብርሃን የሚገባው በትንንሽ መስኮቶች ነው፣ ፍላሽ ደግሞ አይታሰብም፤ ለሥዕሎቹም ለሚጸልየውም ሰው ጥሩ አይደለም። ማረጋጊያ የለውም፣ አዎ። ትከሻሽን ግድግዳ ላይ አስደግፊ፣ ትንፋሽሽን ያዝ አድርጊ፣ ሦስት አራቴ ደጋግመሽ አንሺ። አንዱ ይወጣል።

ዋይድ ላይ ሁሉም ሰው የሚሠራው ስህተት አለ። ሕንፃው እንዲገባ ብለሽ ካሜራውን ወደ ላይ ስታዘነብዪ ግድግዳው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ይልቅ ካሜራውን ቁመቱን አቁመሽ፣ ሳታዘነብዪ ያዢው፤ ታች የሚተርፈውን መሬት በኋላ ትቆርጪዋለሽ። ጣሪያ ስታነሺ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትገቢ እነዚያን የተደረደሩ የመላእክት ፊቶች በግማሽ ልብ አንጋጠሽ አታንሺያቸው። መሃል ላይ ቁሚና ሌንሱን ቀጥ አድርገሽ ወደ ላይ አዙሪው፣ መስመሮቹ ቀጥ ብለው ይወጣሉ።

ሌንስ ሜዳ ላይ አትቀያይሪ፣ አቧራው ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ ተለጥፎ አሜሪካ ድረስ አብሮሽ ይመጣል። ጠዋት ከክፍልሽ ስትወጪ ሲግማውን ገጥመሽ ውጪ፣ 16-50ውን ከሰዓት።

እናትሽን በ10 ስታነሻቸው ግን ዳር ላይ አታቁሚያቸው፤ ፊታቸው ተለጥጦ ይወጣና ፎቶውን ለዘመድ ከማሳየትሽ በፊት ያስጠፉሻል። መሃል ይሁኑ፣ ወይም ወደ 18 አምጪው።