ጾሙ ሳይሆን የሽሮው መቅጠን ነው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 70 ኪሎ ነህ፣ ጂም ከጀመርክ 4 ወር ሆኖሃል፣ ሁዳዴ እየገባ ነው። አሰልጣኝህ «ፕሮቲን ካልወሰድክ በ55 ቀን ጡንቻህ ሟሙቶ ያልቃል፣ ዱቄት ግዛ» ብሎሃል። እናትህ ደግሞ «ሽሮ እያለ ምን ዱቄት» ብለውሃል። ማንን ልስማ ነው ጥያቄህ።

እኔ ወደ እናትህ አደላለሁ። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የቤታችሁ ሽሮ ምን ያህል ወፍራም ነው? ቀልድ አይደለም፣ ሙሉ መልሴ እዚህ ላይ ነው የሚዞረው።

የምግብ ባለሙያ አይደለሁም። ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ፕሮቲን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ዓመታት አልፈዋል፤ የምር የገባኝ ግን እማዬ ከወደቀች በኋላ ነው።

ካቻምና በነነዌ ጾም ሰሞን የማድቤቱ ደፍ ላይ ተደናቅፋ ወደቀች። ያኔ 68 ዓመቷ ነበር። የእጇ አንጓ ተሰበረ። የሄድንበት ሆስፒታል ጄሶ አሰሩላትና ወደ ቤት ላኩን። ምን እንደምትበላ የጠየቀን አልነበረም። ጄሶው የተፈታው ለደብረ ዘይት ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ከዚያ ለእጇ ብለን ፊዚዮቴራፒ ወሰድናት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ልጅ የእማዬን እጅ አየችና፣ «እማማ፣ እስኪ እጅዎን ሳይደገፉ ከወንበሩ ይነሱ» አለቻት። እማዬ ሞከረች። አልቻለችም። እንደገና ሞከረች፤ ሳቀች፤ ከዚያ ዝም አለች።

«እጃቸው ይድናል» አለችኝ ልጅቷ። «እኔን ያሳሰበኝ እግራቸው ነው። ምን ይበላሉ?»

እኔ አስተማሪዋ በኩራት መለስኩ። ሽሮ ትበላለች፣ ምስር ትበላለች፣ ጥራጥሬ ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም አልኳት።

«ስንት?» አለችኝ።

ስንት የሚለው ጥያቄ በሕይወቴ መጥቶብኝ አያውቅም። ማታ የኬክ መመዘኛዬን አወጣሁና ድስት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሽሮውን መዘንኩት። ለሦስት ሰው 90 ግራም ዱቄት። ለአንድ ሰው 30 ግራም ማለት ነው። የሽምብራ ሽሮ 100 ግራሙ ወደ 20 ግራም ፕሮቲን አለው ብንል፣ እማዬ የደረሳት 6 ግራም ነው። አንድ እንቁላል ውስጥ ያለው ያህል! የቀረው ውሃ፣ ዘይትና በርበሬ ነው። ጾም ሲሆን ደግሞ እስከ 9 ሰዓት አትቀምስም። ማታ ሻይ በዳቦ፣ በቃ። እኛ ግን «ሽሮ በልታለች» ብለን ተረጋግተን ነበር የምንተኛው።

እዚህ ጋ ትንሽ ላስተምርህ፣ ልማድ ነው አይለቅም። ሰውነት ለስብ ጎተራ አለው፤ ሲተርፈው ያከማቻል። ለስኳርም ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ትንሽ ቋት አለው። ለፕሮቲን ግን ጎተራ የለውም። ከምግብ ሲያንሰው የቤቱን ግድግዳ እየፈታ ነው የሚጠቀመው፤ ግድግዳው ደግሞ ጡንቻ ነው። ለምን ይፈታል? ምክንያቱም ፕሮቲን ለክንድ ብቻ አይደለም። ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ፕሮቲን ነው። በሽታ የሚከላከሉት አንቲቦዲዎች፣ ምግብ የሚፈጩት ኢንዛይሞች፣ ኢንሱሊን፣ ሁሉም ፕሮቲን ናቸው። ልብና ሳንባ «ጾም ነው» ብለው አይጠብቁም። ስለዚህ ሰውነት ከጭን ይበደራል። ወጣት ቶሎ ይከፍላል። 68 ዓመት ላይ ግን ብድሩ ሳይመለስ ይቀራል፤ በዚህ ዕድሜ ጡንቻ ያንኑ ምግብ አግኝቶ እንኳ እንደ ድሮው አይገነባም።

ስንት ያስፈልጋል ለሚለው፣ ለጤነኛ አዋቂ የሚባለው መነሻ በኪሎ ክብደት 0.8 ግራም በቀን ነው። አንተ 70 ኪሎ ስለሆንክ 56 ግራም ይሆናል። ብረት ለሚያነሳ ሰው ከ1.2 እስከ 1.6 ይመከራል፤ ያንተ ከ84 እስከ 112 ማለት ነው። ለአረጋውያንም ከ1 እስከ 1.2 ይሻላል ይባላል። እማዬ 55 ኪሎ ናት፤ ወደ 60 ግራም ያስፈልጋታል። የምታገኘውን ስደምር ግማሹም አልሞላም።

የንስሐ አባቷ መጡና «ለታመመ ይፈቀዳል፣ ወተት ጠጪ» አሏት። «የተሰበረው እጄ ነው እንጂ ሆዴ አይደለም» ብላ እምቢ አለች። እማዬን ብታውቃት አትከራከራትም ነበር። ስለዚህ ጾሙ ውስጥ ሆነን መሥራት ነበረብን። ላንተም የሚጠቅምህ ይሄ ክፍል ነው።

መጀመሪያ ሽሮውን አወፈርነው። ለአንድ ሰው ከ30 ወደ 50 ግራም ዱቄት። እንደ ተጋቢኖ ሆነ፣ እማዬም ወደደችው። ቀጥሎ ከሽሮው ጎን ሁሌም አንድ የምስር ወይም የክክ ወጥ እንዲኖር አደረግን። 60 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 15 ግራም ፕሮቲን አለው። የማታውን ዳቦ በጉልባን ተካነው። ጉልባንን የጸሎተ ሐሙስ ምግብ ብቻ ነው ያደረግነው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ስንዴና ባቄላ አብሮ የተቀቀለበት ምግብ በዓመት አንዴ መበላቱ ያሳዝናል።

እዚህ ላይ ጓደኞችህ «የጥራጥሬ ፕሮቲን ሙሉ አይደለም» ሊሉህ ይችላሉ። ግማሽ እውነት ነው። ተማሪዎቼን በፊደል ነው የማስረዳቸው። ፕሮቲን በ20 ፊደላት የሚጻፍ ቃል ነው፤ ፊደላቱ አሚኖ አሲዶች ይባላሉ። 9ኙን ሰውነት ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ መምጣት አለባቸው። አንዷ ካነሰች ቃሉ ሳይጻፍ ይቀራል። እህል ላይሲን የምትባለዋ ታንሰዋለች፤ ጤፍ ከስንዴ ቢሻልም እሱም አይተርፈውም። ጥራጥሬ ላይሲን ሞልቶታል፣ ሜታዮኒን ግን ያንሰዋል። እንጀራ በሽሮ ስትበላ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል። በአንድ ጉርሻ መገናኘትም የለባቸውም፤ በቀኑ ውስጥ ሁለቱም ከተበሉ ይበቃል። የጥራጥሬ ፕሮቲን ከሥጋና ከእንቁላል ትንሽ አነስ ብሎ ነው የሚፈጨው፤ ስለዚህ መጠኑን ከፍ ማድረግ ነው። አኩሪ አተር ለብቻውም ቢሆን የተሟላ ነው ማለት ይቻላል፤ 100 ግራሙ ወደ 36 ግራም ፕሮቲን አለው። በደንብ መቆላት ወይም መቀቀል ግን አለበት። እማዬ ሽሮዋ ውስጥ ስጨምርባት ከጠረኑ አውቃ መለሰችልኝ። ለእኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልጣመኝም።

ከቤትህ ምግብ 84 ግራም ይሞላል ወይ? ቁጭ ብዬ ደመርኩልህ። እኛ ቤት ከአንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት 9 እንጀራ ይወጣል፤ አንዱ ወደ 12 ግራም ፕሮቲን ይይዛል። ምሳና ራት ላይ አንድ አንድ ብትበላ 24። ወፍራም ሽሮ 10፣ ምስር 15። ከ40 ግራም ባቄላና ከ40 ግራም ስንዴ የተሠራ ጉልባን ሌላ 15። አንድ ጭብጥ ተኩል ኦቾሎኒ፣ 40 ግራም ገደማ፣ 10። የሽምብራ ቆሎ 50 ግራም፣ 10። ድምሩ 84። የኦቾሎኒ ቅቤም ይቻላል፤ ስሙ ቅቤ ቢሆንም ጾም ነው። ይህን ሁሉ ከ9 ሰዓት በኋላ ብቻ የምትበላ ከሆነ ግን ይከብዳል። በሁለት ከፍለህ፣ አንዱን ከጂም በኋላ አድርገው። ባቄላውንና ሽምብራውን አዳር ዘፍዝፈህ ውሃውን ድፋው፤ አለዚያ ጂም ውስጥ ሰው ይሸሽሃል። በቆልት ካደረግከው ደግሞ ለሆድም ይቀላል፣ ብረትና ዚንኩም የተሻለ ይገኛል።

ቆጮ የምታዘወትር ከሆነ ግን ልብ በል። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፣ ፕሮቲን ግን የለውም ማለት ይቻላል። በፍስክ ክትፎውና አይቡ ይሸፍኑለታል። በጾም ጎመን ብቻውን አይሸፍንለትም፤ ባቄላ ጨምርበት።

አሰልጣኝህ ግዛ ያለህን የፕሮቲን ዱቄት በተመለከተ፣ መድኃኒት አይደለም፣ መርዝም አይደለም። ምግብ ነው፣ ውድ ምግብ። በብዛት የሚሸጠው ዌይ የሚባለው ነው፤ ዌይ ማለት ደግሞ የወተት አጓት ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ሳያውቅ ፍልሰታን በሙሉ ወተት እየጠጣ ጾመ። ስነግረው ፊቱን ብታየው! ከአተር ወይም ከአኩሪ አተር የተሠራ አለ፤ መግዛት ካማረህ እሱን ግዛ። በሻንጣ የመጣና መለያው የተላጠ ግን አትንካ፤ ውስጡ ምን እንደተደባለቀ አታውቅም። «ጡንቻህ ይሟሟል» የተባልከው ግን የተጋነነ ነው። በቂ ከበላህና ብረት ማንሳቱን ካላቆምክ 55 ቀን ምንም አያደርግህም።

ስለ ብረት ማንሳት ያወራሁት በከንቱ አይደለም። እማዬን ያስነሳት ምግቡ ብቻ ነው ብልህ ዋሸሁ። ልጅቷ ያዘዘቻት ስፖርት ነበር፤ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ 10 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ጡንቻ ሥራ ካልተሰጠው ፕሮቲኑን ምን ያደርገዋል? ትርፉ በጉበት ተሰባብሮ ናይትሮጅኑ ዩሪያ ሆኖ በሽንት ይወጣል፣ የቀረው ይቃጠላል ወይም ስብ ይሆናል። በሰኔ መጀመሪያ እማዬ እጇን ሳትደገፍ ተነሳች። ለጎረቤት ሁሉ አሳየች፤ ቡና በተፈላ ቁጥር ማለት ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሽሮ ልታበዛ ከሆነ ሽሮው ውስጥ ምን እንዳለ እወቅ። ርካሽ ሽሮ ላይ ጓያ የሚቀላቅሉ አሉ። ጓያ ፕሮቲኑ ብዙ ነው፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግር ያሽመደምዳል፣ አይመለስምም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ወሎ ደላንታ ውስጥ በችግር ዘመን ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል። ሽምብራና አተርህን ራስህ ገዝተህ አስፈጭ። ሌላው ኩላሊት ነው። ጤነኛ ኩላሊት ይህን መጠን ይችላል። ኩላሊቱን የታመመ፣ ወይም ስኳርና ግፊት የቆየበት ሰው ግን በራሱ ፕሮቲን አይጨምር። እኛም የእማዬን ክሬቲኒን፣ ኩላሊት እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየውን የደም ምርመራ ማለቴ ነው፣ አስመርምረን ነው የጀመርነው።

ሚዛን ከሌለህ በሲኒ ስፈር። የእኛ ቤት የቡና ሲኒ ሙሉ ሽሮ 42 ግራም ወጥቷል፤ ያንተ ሊለይ ስለሚችል ሱቅ ወስደህ አንዴ አስመዝነው።

መጨረሻ ላይ «ዓሣስ ይበላል?» ብለሃል። እሱ ውስጥ እኔ አልገባም፤ የንስሐ አባትህን ጠይቅ። ከፈቀዱልህ ግን 100 ግራም የበሰለ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ወደ 25 ግራም ፕሮቲን አለው።