ግራፉ ላይ ከመስመሩ በፊት አክሲሶቹን

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ፤ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ቀመሮቹን አውቃቸዋለሁ። ግራፍ ያለበት ጥያቄ ሲመጣ ግን፣ በተለይ ፊዚክስ ላይ፣ እሳሳታለሁ። መልሱን ሳየው የማውቀው ነገር ሆኖ አገኘዋለሁ። ምን ላድርግ?
(ተማሪዋ፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህታችን፣ ቀመሩን የሚያውቅ ተማሪ ግራፍ ላይ የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ ዓይኑ ቀጥታ ወደ መስመሩ ስለሚሄድ ነው። ወደ ላይ የወጣ መስመር አንድ ነገር እንደጨመረ ያሳያል፤ ምን እንደሆነ የሚናገሩት ግን አክሲሶቹ (ዋይ የተባለው ቋሚና ኤክስ የተባለው አግድም የግራፉ መለኪያ መስመሮች) ናቸው። አግድም የተሰመረ መስመር ዋይ አክሲሱ ቦታ ከሆነ መኪናው ቆሟል ማለት ነው፤ ፍጥነት ከሆነ ግን መኪናው በአንድ ፍጥነት እየሄደ ነው።

ስለዚህ እርሳስሽን መጀመሪያ በአክሲሶቹ ስምና መለኪያ ላይ አሳርፊ። ቀጥሎ የተጠየቅሽው የአንድ ነጥብ ዋጋ፣ ስሎፕ (የመስመሩ ተዳፋት) ወይስ ከመስመሩ ሥር ያለው ስፋት እንደሆነ ለዪ። እዚህ ላይ መለኪያዎቹ ራሳቸው ይመሩሻል። በፍጥነትና በጊዜ ግራፍ ላይ ሜትር በሰከንድን ለሰከንድ ስታካፍዪ የአክስለሬሽን (የፍጥነት ለውጥ በጊዜ) መለኪያ ይወጣል፤ በሰከንድ ስታባዢ ሜትር ይቀራል። ስሎፑ አክስለሬሽን፣ ስፋቱ ዲስፕሌስመንት (የቦታ ለውጥ) የሆነው ለዚህ ነው፤ መሸምደድ አያስፈልግም።

ይህን ወረቀት ላይ ሥሪው። መኪና ከቆመበት ተነስቶ በ4 ሰከንድ 12 ሜትር በሰከንድ ደረሰ፤ እስከ 10ኛው ሰከንድ በዚያው ፍጥነት ሄደ፤ ከዚያ እኩል እየቀነሰ በ15ኛው ሰከንድ ቆመ። የመጀመሪያው ስሎፕ 12 ለ4፣ ማለትም 3 ነው። የመጨረሻው -12 ለ5፣ ማለትም -2.4 ነው። ብዙዎች እዚህ ጋ ለ15 ያካፍላሉ፤ ፍጥነቱ የቀነሰው ግን ከ10 እስከ 15 ባሉት 5 ሰከንዶች ብቻ ነው። ስፋቱ 24፣ 72 እና 30፣ በድምሩ 126 ሜትር። አማካይ ፍጥነቱም 126 ለ15፣ 8.4 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። 0ን እና 12ን ደምሮ ለ2 ያካፈለ 6 ያገኛል፤ ያ አቋራጭ የሚሠራው አክስለሬሽኑ ከመነሻ እስከ መድረሻ ሳይለወጥ ሲቀር ብቻ ነው።

በዚህ የፍጥነት ግራፍ ላይ መስመሩ መውረድ ሲጀምር መኪናው ወደ ኋላ የተመለሰ የሚመስላቸውም አሉ። መስመሩ ከዜሮ በላይ እስካለ ድረስ ጉዞው ወደፊት ነው፤ የሚመለሰው የጊዜውን አክሲስ አቋርጦ ከዜሮ በታች ሲወርድ ነው።

ኤሌክትሪክ ላይ አክሲሶቹ ሊገላበጡ ይችላሉ። ቮልቴጅ ዋይ ላይ፣ ከረንት ኤክስ ላይ ሲሆን ስሎፑ ሬዚስታንስ ነው፤ ሲለዋወጡ 1 ለሬዚስታንስ ይሆናል። ከረንቱ በሚሊአምፒር ከተጻፈ ሳትቀይሪ ያሰላሽው ሬዚስታንስ በ1000 ይዛባል።

ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ላይ ደግሞ መስመሩ አግድም የሚሆንበትን ቦታ ምክንያቱን ጠይቂ። ውሃ ሲፈላ ሙቀት እየተጨመረ ቴምፕሬቸሩ የማይወጣው ኃይሉ ሞለኪውሎቹን ለማላቀቅ ስለሚውል ነው። ሰብስትሬት (ኢንዛይሙ የሚሠራበት ንጥረ ነገር) እየጨመረ የኢንዛይሙ ሥራ ፍጥነት መጨመሩን የሚያቆመው ኢንዛይሞቹ ሁሉ ስለተያዙ ነው፤ እዚያ ላይ ፍጥነቱን የሚጨምረው ተጨማሪ ኢንዛይም ነው።

ስትለማመጂ ምርጫዎቹን በወረቀት ሸፍኚና ግራፉ የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ከዚያ የላይኛውን መኪና የአክስለሬሽን ግራፍ ራስሽ ሣይው፦ እስከ 4 ሰከንድ 3 ላይ፣ እስከ 10 ዜሮ ላይ፣ እስከ 15 -2.4 ላይ፤ ሦስት አግድም መስመሮች።