በውሃ ጠርሙስ የተቀዳውን የአረም መድኃኒት ልርጭ?

ጥያቄ፦ በቃሉ ወረዳ፣ ከኮምቦልቻ ብዙም ሳልርቅ የምኖር ገበሬ ነኝ። ጤፍ ዘርቻለሁ፤ ከጎኑ ባለችው ቁራሽ መሬት ደግሞ ማሾ አለኝ። የአረም ጉልበት ጠፍቷል፤ ወጣቱ ወይ ፋብሪካ ገብቷል፣ ወይ ዐረብ አገር ሄዷል። አንድ ነጋዴ «ቱፎርዲ ነው» ብሎ የአረም መድኃኒት በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ ሸጦልኛል፤ መርጫውን ከጎረቤት እዋሳለሁ። እናቴ ግን «መሬቱን ትገድለዋለህ» ብላ አላስነካ አለችኝ። ባለቤቴም ነፍሰ ጡር ናት። ልርጭ ወይስ ልተወው?
ገበሬው፣ ከቃሉ

መልስ፦ ወንድሜ፣ በሃይላንድ የተቀዳውን አይርጩ። ለነጋዴው ይመልሱለት፤ ገንዘብዎን ባይሰጥዎት እንኳ ማሳዎ ላይ እንዳያርፍ።

እኔ የጤፍ አረም ስነቅል ያደግሁ ሴት ነኝ። ክረምት ሙሉ ጎንበስ ብሎ መዋል የእናቶችን ወገብ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ልጆችም በዚያ ሰበብ ከትምህርት ሲቀሩ አይቻለሁ። ስለዚህ መድኃኒት ሁሉ ይወገዝ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። በወቅቱና በልኩ ከተረጨ ጉልበት ያድናል፤ አረም ሊበላው የነበረውንም ምርት ያተርፋል።

የሚያስፈራኝ ጠርሙሱ ነው። መድኃኒት ከታሸገበት ዕቃ ሲወጣ ስሙም መጠኑም አብሮት ይጠፋል። የያዙት ግላይፎሴት ቢሆንስ? እርሱ አይመርጥም፤ አረሙንም ጤፉንም ከነሥሩ ያደርቃል። ከዚያ የባሰው ፓራኳት ቢሆን ደግሞ አንድ ጉንጭ ሰው ይገድላል፤ ማርከሻም የለውም፤ የአውሮፓ ኅብረት እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2007 ከገበያው ያስወጣው ነው። ውሃ የጠማው ልጅ የውሃ ጠርሙስ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ እርስዎም ያውቃሉ። ሐኪም ቤት ቢደርስም ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የጠጣው ምን እንደሆነ ነው፤ የሚመልስለት ደግሞ መለያው ነበር። በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት በአገራችን የሚሸጥ ፀረ ተባይ መመዝገብ አለበት፤ የአረም መድኃኒትም እዚያው ውስጥ ነው። እሽጉ ያልተከፈተ፣ መለያው የሚነበብ፣ የማብቂያ ቀኑ ያላለፈ ይግዙ። በመለያው ግርጌ ባለ ቀለም መስመር ይፈልጉ፤ ቀዩ እጅግ አደገኛ ነው፣ ቢጫው ይከተላል፣ ከዚያ ሰማያዊና አረንጓዴ። ቱፎርዲ ከቢጫዎቹ ወገን ነው።

እውነተኛው ቱፎርዲ ከተገኘ ጤፉን መርጨት ይችላሉ። የሚገድለው ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ነው፤ ጤፍ፣ ስንዴና ማሽላ የሣር ዘር ስለሆኑ ያልፋቸዋል። ጊዜው ግን ጠባብ ነው። ቡቃያው ገና ሳይጠነክር ከረጩ ይጎዳል፤ ዘግይተው አገዳው ከተመዘዘ በኋላ ከረጩ ፍሬው ይበላሻል። ልኩ ጤፉ ቅርንጫፍ ማውጣት ሲጀምር ነው። ሙጃን፣ ሲናርንና ሰርዶን ግን አይነካም፤ እነርሱም የሣር ዘር ናቸው። በየዓመቱ ቱፎርዲ ብቻ የሚረጭ ማሳ ውሎ አድሮ የሙጃ ማሳ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ሥራው ከበፊቱ ይብሳል። ስለዚህ ከርጭት በኋላም አንድ ዙር በእጅ ማረም አይቀርም። በሚቀጥለው ዓመት ጤፉንና ማሾውን ቦታ ያለዋውጧቸው፤ ከመዝራትዎ በፊትም የመጀመሪያው ዝናብ ያበቀለውን አረም በእርሻ ይገልብጡት።

አሁን ወደ ማሾው። ማሾ ሰፊ ቅጠል ነው፤ ቱፎርዲ ሲነካው ቅጠሉ ይጠመዘዛል፣ ተክሉ ይኮማተራል። ነፋስ ያመጣው ብናኝ ብቻ ይበቃዋል። በማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ ይርጩ፤ ዝናብ በቶሎ እንዳያጥበውም ሰማዩን ይመልከቱ። ከማሾው በኩል ጥቂት መደዳ ሳይረጩ ይተዉና በእጅ ይረሙ። የተዋሱትን መርጫ ከመሙላትዎ በፊትም፣ ረጭተው ከጨረሱ በኋላም ደጋግመው ይጠቡት። ጎረቤትዎ ቱፎርዲ ረጭቶበት ሳያጥበው ለማሾ የሚሆን የተባይ መድኃኒት ቢሞሉበት፣ ማሾው በገዛ እጅዎ ይቃጠላል። አካባቢው ላይ ቀፎ ካለ ደግሞ አረሙ አብቦ ንብ በሚቀስምበት ሰዓት አይርጩ።

እናትዎ ያሉትን አልንቀውም። ሆኖም ቱፎርዲ አፈር ውስጥ ዓመት አይከርምም፤ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት በሳምንታት ውስጥ ያፈርሱታል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2015 ግላይፎሴትን «ምናልባት ካንሰር አምጪ»፣ ቱፎርዲን ከእርሱ ባነሰ ጥርጣሬ መድቧቸዋል፤ የአሜሪካና የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች ግን በግላይፎሴት ጉዳይ ከተቋሙ ጋር አልተስማሙም። ሊቃውንቱ ሲከራከሩ እኛ የምንችለው ሰውነታችንን መጠበቅ ነው። ባለቤትዎ መድኃኒቱን አትበጥብጥ፣ በተረጨው ማሳ ውስጥም አትግባ፤ የረጩበትን ልብስ እርስዎ ራስዎ ከቤተሰቡ ልብስ ለይተው ይጠቡት። ጓንትና ቦቲ ያድርጉ፣ እጅጌዎ ረጅም ይሁን። ከብቶቹንም በመለያው ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ ከማሳው ያርቋቸው።

ባዶውን ዕቃ ሦስት ጊዜ በውሃ ያለቅልቁ፤ እጣቢውን እዚያው መርጫው ውስጥ ጨምረው ማሳው ላይ ይርጩት። ከዚያ ዕቃውን ይብሱት፤ ዘይትም ውሃም አይያዝበት። መርጫ ያጠቡበትን ውሃ ቦርከና ላይ አይድፉ። ያ ወንዝ ከደሴ በኩል ወርዶ በኮምቦልቻ አልፎ ጨፋ ይደርሳል፤ እዚያ የሰው ከብት ይጠጣዋል።