የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከሣር ሜዳ የምትነሳ ትንሽ አውሮፕላን

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ አብራሪነት እየተማረ ነው። «በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ 300 ሜትር ተንደርድራ የምትነሳ አውሮፕላን፣ ጣና ዳር ከሣር ሜዳ ለመነሳት ከእጥፍ በላይ ትፈልጋለች፤ ተነስታም ልትመለስ ትችላለች» ይለኛል። ሞተሩ ደኅና ሆኖ ሳለ መሬት የለቀቀች አውሮፕላን እንዴት ትመለሳለች? — ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ ልጁ እውነቱን ነው። የጣና ዳርቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ነው። በአብራሪዎች ስሌት ለዚህ ከፍታ መደበኛ የሚባለው ሙቀት 3 ዲግሪ ገደማ ሲሆን የመጋቢት ቀትር ግን 28 ይገባል። ከመደበኛው በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 37 ሜትር ያህል ሲጨመር፣ አውሮፕላኗ 2,700 ሜትር ላይ እንዳለች ትቆጠራለች። አየሩ ሳስቷል ማለት ነው። ተርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ፒስተን ሞተር የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። የፍጥነት መለኪያው ላይ የሚነበበው የመነሻ ቁጥር አይለወጥም፤ ጎማው መሬት ላይ የሚሮጠው ግን 15 በመቶ ያህል ይበልጣል።

በአብራሪዎች የግምት ስሌት ከፍታውና ሙቀቱ ብቻ 300 ሜትሩን ወደ 675 ይወስዱታል። ደረቅ ሣር ሲሆን 20 በመቶ ይጨመርና 810 ይሆናል፤ ርጥብ ሣር ከሆነ 880 ገደማ። 2 በመቶ ዳገት ካለው በዚያ ላይ ሌላ 10 በመቶ። ጭማሪው የሚባዛ እንጂ የሚደመር አይደለም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ተነስቶ የመመለሱ ነገር እንዲህ ነው። ክንፍ ለመሬት ሲቀርብ የአየሩ መጎተት ይቀንስለታል። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር የሆነች አውሮፕላን በሁለትና በሦስት ሜትር ከፍታ ላይ ሽቅብ ለመውጣት የሚበቃ ፍጥነት ላይ ገና ሳትደርስ የምትበር ይመስላታል። አብራሪው የሜዳውን ጫፍ ሲያይ ይደነግጥና አፍንጫዋን ያነሳል፤ መጎተቱ ይመለሳል፤ ሞተሩ ደግሞ ትርፍ ጉልበት የለውም። ትሰምጣለች። መድኃኒቱ መሬት እንደለቀቁ አፍንጫን ዝቅ አድርጎ፣ የመውጫው ፍጥነት እስኪሞላ ድረስ ከመሬት ሳይርቁ መብረር ነው። ለዚህም ከፊት ዛፍ የሌለበት ቦታ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ አብራሪው ከመነሳቱ በፊት ምን ያድርግ?

መልስ፦ የሜዳውን እኩሌታ በእርምጃ ለክቶ ነጭ ጄሪካን ያቁምበት። እዚያ ሲደርስ የመነሻ ፍጥነቱን 70 በመቶ ካልያዘ (በአውሮፕላን የፍጥነት መለኪያ በ60 ኖት የምትነሳ ከሆነች 42) ጋዙን ዘግቶ ፍሬን ይያዝ። ውሳኔው ሞተር ሳይነሳ የተቆረጠ ይሁን፤ እየተንደረደሩ የሚታሰብ ሐሳብ ሁልጊዜ ይዘገያል።

መሬቱን በጫማ ተረከዝ ይጫነው። ተረከዙ ከሰመጠ ጎማውም ይሰምጣል፤ ክረምት ላይ የጣና ዳር ጥቁር አፈር አይታመንም። ከታንኩ ሥር ነዳጅ በብርጭቆ ቀድቶ በፀሐይ ይየው፦ ውሃ ካለ እንደ ዶቃ ተንከባልሎ ከታች ይቀመጣል። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ፍሬን ይዞ ሙሉ ጋዝ ሰጥቶ፣ በመመሪያው መሠረት ነዳጁን ቀንሶ የነዳጅና የአየር ድብልቁን ያሳሳ። ይህን የዘነጋ ሰው ቀድሞውኑ የጎደለውን ጉልበት ራሱ ይቀንሰዋል።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት አየሩ ቀዝቃዛ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፤ በደቡብ ዳርቻ ጀርባን ለሐይቁ ሰጥቶ የሚነሳ ነፋሱን ከኋላው ይይዛል። የመነሻውን ፍጥነት አንድ አሥረኛ የሚያህል የኋላ ነፋስ ሩጫውን 20 በመቶ ያረዝማል።

ጥያቄ፦ ወፎችስ?

መልስ፦ ባሕር ዳር ይህን በመራራ ታውቀዋለች። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚህ የተነሳ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ ገብቶበት ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ፤ ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ለትንሿ አውሮፕላን አንድ ትልቅ ወፍ የፊት መስታወት ለመስበር ይበቃል። ሰው ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሩ ይሂድበት፤ ከብቱም ይወጣል፣ ወፉም ይነሳል። መንጋው ደንገሉ ላይ እስኪያርፍ ሞተር ሳያስነሱ ይጠብቁ።